ዶሮው ሳይገባ

በእኛ ቤት የፋሲካ ዶሮ ወጥ ተቀምሶ አይሠራም። የሚሠራው ቅዳሜ ቀን ነው፤ ጾሙ የሚፈታው ደግሞ ሌሊቱ አልፎ ዶሮ ሲጮህ ነው። እናቴ አክፍሎት ስለምትይዝ ከዓርብ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፏ አይዞርም። ስለዚህ የዓመቱን ትልቁን ወጥ የምትሠራው ከንፈሯ ደርቆ፣ ጉልበቷ ዝሎ፣ ጠብታ ምላሷ ላይ ሳታሳርፍ ነው። አንድ ጊዜ ካዛንቺስ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለአንዲት ፕሮቴስታንት ባልደረባዬ ይህን ባጫውታት፣ "ማለቴ፣ ጨው ቢበዛስ?" አለችኝ።

"አይበዛም" አልኳት ኮራ ብዬ። "እናቴ የምትሠራው በአፍንጫዋ ነው።"

እውነትም እንደዚያ እያየን ነው ያደግነው። ሽንኩርቱ በደረቅ ድስት ሲቁላላ መጀመሪያ ዓይን ይለበልባል፤ ቆይቶ ጣፈጥ ያለ ሽታ ያመጣል፤ ያኔ ቅቤው ይገባል። በርበሬው ሲጨመር ጥሬ ጥሬ ይሸታል፣ ያስነጥሳል፤ ያ ሽታ ሲለቀው ቁሌቱ በሰለ ይባላል። ከዚያ ጨው፣ ከዚያ በሎሚ ታሽቶ የታጠበው ዶሮ፣ መጨረሻ ላይ መከለሻው። እናቴ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና ስታሸት እኔና ታላቅ ወንድሜ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቅ ነበር። "ደርሷል" ካለች ደርሷል ነው። አባታችን ራሱ በሕይወት ሳለ ያን ቀን ማድ ቤት ዝር አይልም ነበር።

በአንድ ግድግዳ የምንጎራበት ሙስሊም ሴትዮ ነበሩ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። በየገናውና በየፋሲካው ዋዜማ ቁሌቱ ሲበስል እናቴ ግድግዳውን በማማሰያው እጀታ ኳ ኳ ታደርጋለች። እትዬ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ይመጡና ማድ ቤት ገብተው፣ ትንሽ ቆይተው፣ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ ይወጣሉ። በረመዳን ደግሞ ግድግዳው ከወዲያ በኩል ይንኳኳል፤ እናቴ ትነሳለች። ሁለቱም ሲጾሙ ጨዋታ የሚያምራቸው ይመስለኝ ነበር። ብዙም አላሰብኩበትም።

ከዚያ ሰፈራችን ለልማት ተፈለገ ተባለ። ከቂርቆስ ወደ ካዛንቺስ የሚያወጣው የእኛ መንደር፣ በር በበር ቀይ ምልክት ተቀባ። የእትዬ ወገን ቀድሞ ፈረሰ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና ሄዱ። የእኛ ተራ ገና ስለነበር እናቴ ቀረች፤ የማድ ቤቷ ግድግዳ ግን ግማሹ ከእትዬ ቤት ጋር አብሮ ወረደ። ወንድሜ በቆርቆሮና በላስቲክ ደፈነላት። ነፋስ ሲነሳ ላስቲኩ ይርገበገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ፍርስራሽና አጥር ብቻ ነው።

እትዬ ከሄዱ በኋላ በመጣው ገና የእናቴ ዶሮ ወጥ ጨው በዛበት። በዛበት ስል በጨዋ ቋንቋ ነው፤ የሚበላ አልነበረም። እሷም ስትቀምሰው ክው አለች። ሁላችንም በውሃ እያወራረድን በላን። የወንድሜ ሚስት ክፋት የሌለባት ሴት ናት፤ ሳህን ስታነሳ "እማማ እኮ ደክሟቸዋል" አለች። ወንድሜ ይህን ቃል ይዞት ሄደ። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነውና ነገር ሲበላሽ አውጥቶ መቀየር ይቀናዋል። ለእናታችን የሚሰጣት ኮንዶሚኒየም እንዲከራይ፣ እሷ ደግሞ መስቀል ፍላወር እሱ ቤት እንድትገባ ወሰነ። እዚያ ማድ ቤቱ የሠራተኛዋ ነው። እናቴ አንድ ሰሞን ስትታመም ሁለት ሳምንት እዚያ ተኝታ ነበርና ኑሮውን ታውቀዋለች፤ ሳሎን ተቀምጣ ቴሌቪዥን ታያለች፣ ምግብ በትሪ ይመጣላታል፣ ከወንበሯ ስትነሳ ሠራተኛዋ ሮጣ "ምን ልታዘዝ?" ትላታለች።

"ድስት የማልጥድበት ቤት ቤቴ አይደለም" አለችው። "የራሴን ቤት ስጡኝ። ለብቻዬ እችላለሁ።"

"እንግዲህ ለፋሲካ እናያለን" አላት እየሳቀ። ቀልድ አስመስሎ ነው የተናገረው፤ ግን ለሁላችንም ገባን። ከበዓሉ በኋላ ያለው ለምትክ ቤቷ ወረዳ ሄዳ የምትፈርምበት ሳምንት ነበር። ያ የፋሲካ ወጥ እንደ ገናው ከሆነ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እኔም በሆዴ ለእናቴ ወግኜ፣ እግዚአብሔር ቤቷን አይንሳት ብዬ ተስዬ፣ ያን ዓመት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አክፍሎቱን አብሬያት ያዝኩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከባምቢስ በኩል ሎሚና የጎደለ ኮረሪማ ገዝቼ በእግሬ ወረድኩ። መንገዱ በበግና እግሩ በታሰረ ዶሮ ተሞልቷል፤ ጉሮሮዬ ደርቆ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያመኛል። የግቢውን በር ስገፋ የቡታጋዝ ሽታ አፈነኝ። ወደ ማድ ቤቱ ሮጥኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። የሽንኩርቱ ድስት ምድጃው ላይ ነው፤ እሳቱ የለም፤ ጋዙ ግን ፍሽሽ ሲል ይሰማኛል። በላስቲኩ ቀዳዳ የገባው ነፋስ አጥፍቶባት ነው። የክብሪት ቀፎ ይዛለች፤ ነቅነቅ አደረገችና አንዷን እንጨት መዝዛ አወጣች።

"እማዬ! እንዳትጭሪ!"

ደንግጣ ቀፎውን ለቀቀችው። ዘልዬ ሲሊንደሩን ዘጋሁ፤ ላስቲኩን ከግድግዳው ቦጨቅኩት፤ እሷን በክንዷ ጎትቼ ግቢው መሀል አወጣኋት። ሌላ ሰው ሲደነግጥ ያለቅሳል፤ እኔ እጮሃለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው። ያን ቀንም ጮህኩ።

"ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ላስቲኩን ምን አረግሽው?"

"ጋዙ ክፍት ነው! ግቢው ሁሉ ጋዝ ጋዝ ይሸታል! አይሸትሽም?"

"ጉንፋን ይዞኛል።"

"መቼ?"

"ሰሞኑን" አለች። ፊቷን ግን ወደ እኔ አላዞረችም።

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ከፌስታሉ አንድ ኮረሪማ አውጥቼ በድንጋይ ሰበርኩና አፍንጫዋ ሥር ያዝኩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ኮረሪማ ነዋ። ልጅ አደረግሽኝ?"

"ዓይንሽን ጨፍኚ።"

"ተይ አሁን፣ ሥራ አለብኝ።"

"እማዬ፣ ጨፍኚ።"

ጨፈነች። ልጅ ሳለን ድስቱ ላይ ስትጨፍን እንደማየው፣ ቅንድቧን ትንሽ ወደ ላይ ሰብስባ። ኮረሪማውን አስቀምጬ ሎሚ ለሁለት ቆረጥኩና እዚያው ቦታ ያዝኩላት። ውሃው በጣቶቼ መሀል እየወረደ ነበር። ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

"ኮረሪማ" አለች።

ሎሚውን ከአፍንጫዋ ሥር አላነሳሁትም። ዓይኗን ገለጠችና አየችው። በሕይወቴ እናቴን እንደዚያ ስታፍር አይቻት አላውቅም። ሎሚውን ወርውሬ ባቅፋት ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን "ከመቼ ጀምሮ?" ብዬ ጮህኩባት።

"አባትሽ ከሞተ" አለች በዝግታ። "ለቅሶው ላይ የያዘኝ ጉንፋን። ጉንፋኑ ሄደ፣ ሽታ አልተመለሰም።"

"ያን ሁሉ ዓመት? ያን ሁሉ በዓል እንዴት ሠራሽ?"

"ሽንኩርቱን መልኩን አየዋለሁ። በርበሬው ሲበስል ቅቤው ከዳር ይወጣል፣ የሚንተከተከውም ድምፁ ይወፍራል። ለቀረው…" አለችና በጭንቅላቷ ወደ ፈረሰው ግድግዳ ጠቆመችኝ። "ለቀረው እሷ ነበረች።"

እትዬ የሚመጡት ሊቀምሱላት ነበር። ዶሮው ሳይገባ፣ ቁሌቱ ገና ሽንኩርትና ቅቤና በርበሬ ብቻ ሳለ ነው የሚቀምሱት፤ ሥጋው ከገባ በኋላ የክርስቲያን ሥጋ ነውና አይነኩትም። እናቴም በረመዳን ግድግዳው ሲንኳኳ የምትሄደው የእትዬን ሾርባ ልትቀምስ ነው፤ እዚያም ሥጋው ሳይገባ። እትዬን ቀምሶ መትፋት ይቻላል ቢሏቸውም ልባቸው አይፈቅድም። "የአፍንጫዬን ነገር ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም" አለችኝ። "ምላሴ ጨው ያውቃል፤ ለእሷ ይህ ይበቃታል።" የገናው ጨው ሁለቴ የገባው የሚቀምስ ሰው በሌለበት ነበር።

ወደ ማድ ቤት ተመለስን። ሽታው ወጥቶ ነበር፤ ምድጃውን እኔ ለኮስኩት፤ ላስቲኩን ነቅዬዋለሁና ቀዳዳው ላይ የእንጀራ ሰፌድ አቆምኩ። ሽንኩርቱ እንደገና መንጫጫት ጀመረ። እናቴ ማማሰያዋን ይዛ፣ "እንግዲህ አንቺ አሽችልኝ" አለች።

እኔ ደግሞ በወጥ ሥራ ሰነፍ ነኝ፤ ፓስታ ቀቅዬ የምኖር ሰው ነኝ።

"ምን ይሸታል?"

"ሽንኩርት።"

"ምን ዓይነት ሽንኩርት?"

"ምን ዓይነት ማለት ምን ማለት ነው? ሽንኩርት ሽንኩርት ነዋ!"

"ዓይንሽን ያቃጥላል ወይስ ቀለል ብሎታል?"

"እየቀለለ ነው መሰለኝ።"

"መሰለኝ አይባልም እዚህ።"

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር። ያን ቀን ግን ሁለታችንም ፊታችን ተኮሳትሮ ድስቱ ላይ ተደፍተን፣ እኔ እያሸተትኩ፣ እሷ ፊቴን እያየች፣ ቅቤውን አስገባን፣ በርበሬውን አስገባን። በርበሬው ሲያስነጥሰኝ ጠብ ጠብ እያደረገች ውሃ ጨመረች። ጥሬ ሽታው ለቀቀው ስላት አላመነችኝም፤ ጎንበስ ብላ ድምፁን አዳመጠች። በዚህ መሀል ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

"ለወንድሜ መንገር አለብኝ" አልኳት።

እጇ ቆመ። "ምኑን?"

"ጋዙን። አፍንጫሽን። ብቻሽን ቤት ገብተሽ ማታ ጋዝ ቢያፈተልክስ?"

"እጠነቀቃለሁ።"

"ዛሬ ተጠነቀቅሽ? እኔ ትንሽ ብቆይ ኖሮ እዚሁ ትቃጠይ ነበር!"

"ብትነግሪው መስቀል ፍላወር ወስዶ ያስቀምጠኛል። ትሪ ይዘው ይመጡልኛል። ይህን ነው የምትፈልጊው?"

"በሕይወት እንድትኖሪ ነው የምፈልገው!"

"ስቕ በሊ!" አለችኝ። እናቴ በጣም ስትቆጣ ወደ ትግርኛዋ ትመለሳለች፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። እኔ ግን ዝም አላልኩም። ጩኸታችን ጎረቤት ቀርቶ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እሷም መለሰችልኝ። እኔም መለስኩላት። ዕቃ እያነሳች፣ እየጣለች፣ ማማሰያውን እያንኳኳች ነው የምትመልስልኝ። ድካም አሸነፈንና ጠቡን ተውነው። እናቴ የጨው ጣሳውን በአንድ እጇ፣ ክዳኑን በሌላ እጇ ይዛ ቆማ አየኋት።

"ጨው አድርጌያለሁ?" አለች።

"እኔ እንጃ። አላየሁም።"

"አድርጌያለሁ… አሁን ስትጮሂብኝ አድርጌያለሁ። ወይስ ልጨምር ከፍቼው ነው?"

ጣሳው ውስጥ ብናይ የሚነግረን ነገር አልነበረም። እናቴ ጨው የምትለካው በእፍኟ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያን እፍኝ ስታምነው ኖራለች፤ ያን ቀን ግን እጇን ዘርግታ እንደ ባዕድ እጅ ታየው ጀመር። ሽታ እዚህ ላይ አያገለግልም። ጨው አይሸትም። ባልደረባዬ ፊት የኮራሁበት ነገር ትዝ አለኝና ራሴን ታዘብኩት።

"ደውይላት" አለችኝ እናቴ።

እትዬ በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ። ነገሩን ስነግራቸው ምን፣ ለምን አላሉም። "ዶሮውን እንዳታስገቡ። አሁን ወጣሁ" ብለው ዘጉት።

ጠበቅን። እሳቱን ዝቅ አደረግን፤ ቁሌቱ ሲይዝብን ውሃ ጠብ እናደርጋለን። የታጠበው ዶሮ በጎድጓዳ ሳህን ተሸፍኖ ቀርቧል። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ደወልኩ፤ ሳር ቤት ጋ ታክሲው ቆሞ ቀርቷል፣ መንገዱን በግ ሞልቶታል አሉኝ። እንደገና ስደውል መስመሩ አልገባ አለ፤ የበዓል ዋዜማ ነው፣ አገሩ ሁሉ ይደውላል። አሥር ሰዓት ሆነ። ዶሮው አሁኑኑ ካልገባ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት አይበስልም፤ ወንድሜና ሚስቱ ደግሞ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ እኛ ነው የሚመጡት። እናቴ በርጩማው ላይ ተቀምጣ እጇን እያገላበጠች ታያለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ልጨምር ትልና ትነሳለች፤ ገናን ታስታውስና ተመልሳ ትቀመጣለች።

እውነቱን ለመናገር እግዚአብሔርንም አላሰብኩ፣ ስለቴንም አላሰብኩ። ያን እጅ ስታገላብጥ ማየት አልቻልኩም፣ በቃ። ማንኪያ አነሳሁ።

ገብቷት ከተቀመጠችበት ተስፈንጥራ አንጓዬን ያዘችኝ። "ተይ ጓለይ! ተይ! ለጥቂት ሰዓት?" አለችኝ፤ ጓለይ ልጄ ማለቷ ነው።

"ቀምሼ እተፋዋለሁ።"

"ምላስሽ ላይ ካረፈ አረፈ። ተይ፣ ጨው አልባም ቢሆን ይበላል። ልጄ፣ ተይ።"

"ጨው የሚጠየቅበት ወጥ አቅርበሽ ነገ ትሪ ሊመጣልሽ?" አልኳትና በግራ እጄ ማንኪያውን ተቀብዬ ነከርኩት።

ከሃምሳ ቀን በላይ ቅቤ ያልነካው ምላስ ላይ ያ ቁሌት ሲያርፍ የተሰማኝን ብናገር ነውር ነው። ደስ አለኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በርበሬው ይሁን ሌላ አላውቅም። አልተፋሁትም፤ ወረደ። ጨው የሚባል ነገር አልነበረበትም።

"የለበትም" አልኳት። "ምንም የለበትም።"

እናቴ አንጓዬን ለቀቀች። ከጣሳው እፍኟን ሞላች፣ ጨመረች፣ አማሰለች፤ ዶሮውን ብልት በብልት እያነሳች አስገባች። እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ወርዶ እንዳይንጠባጠብ በክንዷ እየጠረገች ትሠራለች። እኔም እንቁላል መላጥ ያዝኩ።

የመጨረሻው ብልት ገብቶ ድስቱ ተከድኖ ትንሽ እንደቆየ የግቢው በር ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ጫማቸው አቧራ በአቧራ ሆኗል፤ ከመስቀል አደባባይ በእግራቸው ነው የመጡት። ሰላምታም ሳይሰጡ ወደ ምድጃው አዩ።

"ገባ?" አሉ።

"ገባ" አለች እናቴ።

"እና ማን ቀመሰው?"

እኔ እንቁላሌን መላጥ ቀጠልኩ። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ፤ ቆይተው ወደ እናቴ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ወላሂ፣ ትንሽ ብትጠብቂኝ ምን ነበር ልጄ?"

"እትዬ፣ አልቻልኩም" አልኳቸው።

"አትናገሪያት" አለች እናቴ። "ለእኔ ብላ ነው።"

ሁለቱ በርጩማው ጠርዝና ጠርዝ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ድስቱ ይንተከተካል። እትዬ ወጡን ሊቀምሱት አይችሉም፤ ውሃ እንኳ ቢቀርብላቸው ጾመኛ ፊት አልጠጣም አሉ። እናቴ አዲሱን ቤት ጠየቀቻቸው። "ቤቱስ ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግድግዳው ግን ብሎኬት ነው" አሉ እትዬ። "በማማሰያ ብትመቺው ማንም አይሰማሽ።" ከመምሸቱ በፊት ታክሲ እንዳያመልጣቸው ተነሱ። እናቴ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻቸው፤ ተመልሳም ፊቷን ታጠበች። ስለ ወንድሜ ድጋሚ አላነሳንም። እኔ ልነግረው ወስኛለሁ፤ እንዴት እንደምነግረው ግን ጨንቆኝ፣ ቂርቆስ ቅዳሴ ቆሜ ጸሎቴ ሁሉ ከዚያ አላለፈም።

ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበን ገባን። ወንድሜ ጸሎት አደረሰ፤ እንኳን አደረሰን ተባባልን። እናቴ ማዕዱን ከፈተችና በትልቁ ጭልፋ ወጡን ማውጣት ጀመረች። ፈረሰኛው፣ የዶሮው ዋና ብልት፣ በእኛ ቤት የአባታችን ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ የወንድሜ ነው። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያዝም፤ እጇ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል። ያን ሌሊት እናቴ ፈረሰኛውን በእኔ ፊት አኖረችው።

ወንድሜ ሳቀ። "እማዬ፣ ተሳሳትሽ እኮ። ጾሙ አደናበረሽ?"

"አልተሳሳትኩም። ብላ መጀመሪያ።"

ጎረሰ። ሁላችንም አፉን አየነው። አላመጠና ዓይኑን ጨፈነ። "ወይ እማዬ!" አለ። "ይሄ ነው! የድሮው! ገና ላይ ምን ሆነሽ ነበር?" ሚስቱም ከልቧ "እጅዎ ይባረክ እማማ" አለቻት። ከአንድ ቀን በፊት ቢሆን በደስታ እጨፍር ነበር። ቤቷ ተረፈ ማለት ነበር። እናቴን አየኋት፤ ልትፈግግ ነው ብዬ።

"ጨውን የቀመሰችው እህትህ ናት" አለች። "ትናንት፣ በአክፍሎቷ። ለእኔ ብላ ጾሟን ገደፈች። ፈረሰኛው የእሷ ነው፤ ለንስሐ አባቷም እኔ ነኝ የምናገርላት። አፍንጫዬ አይሠራም፤ አባታችሁ ከሞተ ጀምሮ። ትናንት ጋዝ ክፍት ሆኖ ክብሪት ልጭር ስል ደረሰችልኝ።"

ወንድሜ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ እናቱን የሚወድ ሰው ነው፣ ይህን አልክደውም።

"በቃ" አለ። "አለቀ። ዛሬውኑ እኔ ጋ ነሽ።"

"ብቻዬን አልኖርም፤ በእሱ ልክ ነህ" አለች እናቴ። "አንተ ጋ ግን አልመጣም። ጀሞ ነው የምሄደው፤ ወጤን ስትቀምስልኝ የኖረችው ጎረቤቴ ካለችበት ፎቅ። ጋዝም አልይዝም፣ በኤሌክትሪክ እሠራለሁ።"

"እማዬ፣ ኮንዶሚኒየም እኮ በዕጣ ነው። እዚህ ጋ ልሁን ተብሎ አይገባም።"

"የደረሰኝን አከራየውና እዚያ ተከራይልኝ። ማከራየት ያሰብከው አንተ አይደለህ?"

"ልጆችሽ እያለን?" አለ። "ከእኔ ቤት ጎረቤት ይሻልሻል? ምግብ እንዲቀመስልሽ ከሆነ እኔ ቤት የሚቀምስ ሰው ይጠፋል? ሠራተኛዋ አለች፣ ልጆቹ አሉ፣ ማንም ይቀምስልሻል!"

እናቴ ጭልፋውን አስቀመጠች። ትናንት እንደ ባዕድ እጅ ስታየው የነበረው እጇ ማዕዱ ጠርዝ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል።

"ለእኔስ ይቀምስልኛል" አለችው። "ረመዳን ሲገባ ለእሷ ማን ሊቀምስላት ነው?"

እናቴ እንቁላሉን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን በወንድሜ ፊት አኑራ፣ "ብሉ፣ ይቀዘቅዛል" አለችን።